«ፀጉር ነው» ያሉት ሁሉ

እህቴን የሕንፃው ሰው «መቀስ» ይላታል። ግማሹ በሥራዋ፣ ግማሹ በምላሷ ነው። ፀጉር ቤቷ ምድር ቤት፣ ከደረጃው ጎን ነው፤ እኔ ታናሿ ደግሞ አብሬያት እሠራለሁ፤ አጥባለሁ፣ አደርቃለሁ፣ ማታ ጠርጌ እዘጋለሁ።

ይህን ቤት የከፈተችው ለሰው ተቀጥራ ለዓመታት ቆማ ከሠራች በኋላ ነው። ያኔ እግሯ ከማበጡ የተነሳ ግድግዳ ላይ ሰቅላው ትተኛ ነበር። የራሷን ቤት ቁልፍ የተረከበች ዕለት ወንበሮቹ ላይ ተራ በተራ ተቀመጠችና «ከእንግዲህ ቁጭ ብዬ የማዝዝበት ቤት አለኝ» አለች። ከዚያ ወዲህ ቁጭ ስትል አላየኋትም።

ለፍሳሽ የነበራት ጥንቃቄ እኛንም ያስቀን ነበር። የማጠቢያ ሲንኩ አፍ ላይ የአሮጌ ስቶኪንግ ቁራጭ ትወጥራለች፤ አንዷ ደንበኛ ታጥባ በተነሳች ቁጥር ጨርቁን ፈታ፣ የተጠራቀመውን ፀጉር በወረቀት ጠቅልላ ትጥላለች። ሥራ ሲበዛብን «ቆይ በኋላ ይደረግ» ካልኳት አለቀልኝ። «የኛ ስንፍና የሚያልፈው በሰው ቤት ሥር ነው» ትለኛለች።

እንዲህም ሆኖ አንድ ሰሞን ውሃው አልወርድ አለ። መጀመሪያ ሲንኩ ውስጥ እያንገራገረ ይወርድ ነበር፤ ከዚያ ጭራሽ ቆመ። ቀጥሎማ ቧንቧ ሳንከፍት ከታች እየተንቦቀቦቀ ይወጣ ጀመር። ሞልቶ ወለሉን አጥለቀለቀው፤ በበሩ ወጥቶ ደረጃው ሥር ተኛ። የሕንፃው ሰው ጫማውን በእጁ ይዞ እየዘለለ ማለፍ ሆነ ሥራው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ ላይ ቤት ሁሉ «የመቀስ ፀጉር ነው የደፈነው» ሲባል ከርሞ ኖሮ እኛ የሰማነው መጨረሻ ላይ ነው።

የመጀመሪያውን የቧንቧ ሠራተኛ ያመጣነው ቧንቧ ከሚሸጡበት ሱቅ ደጃፍ ነው። ገና ከበሩ ላይ መስታወቶቹን አየት አደረገና «ፀጉር ነው» አለ። ሲንኩ ውስጥ ነጭ ዱቄት ነሰነሰበት። ዱቄቱ አረፋ ደፍቆ ጭሱ ዓይናችንን አስለቀሰው፤ ደንበኞች ፎጣ በራሳቸው ላይ እንደጠመጠሙ ወደ ውጭ ሸሹ። በማግስቱ ውሃው ባሰበት።

ሁለተኛው ረጅም ጥምዝ ሽቦ በትከሻው አንግቶ መጣ። እህቴ ይህኛውን ሲንኩን ከማስነካቷ በፊት ጠየቀችው። ምን የሆነ ይመስልዎታል አለችው።

እሱም ሳቅ ብሎ «ፀጉር ቤት ነው፤ ሌላ ምን ይሆናል?» አላት።

እህቴ በሩን ከፍታ ያዘችለት። «አንዲት ሴት መጥታ ፀጉሬ ረገፈ ስትለኝ፣ ሳልነካው ቀለም ነው አልላትም። እርስዎ ሳይከፍቱ ካወቁት ሳይከፍቱ ይሂዱልኝ።»

ሰውዬው ሽቦውን እንዳንጠለጠለ ሄደ። እኔ ተናደድኩባት። ወለላችን በቆሻሻ ውሃ ተጥለቅልቆ ሠራተኛ ታማርጣለች ብዬ አጉረመረምኩ። እሷ ግን መጥረጊያዋን አንስታ ውሃውን ወደ ውጭ ትገፋ ጀመር።

ሦስተኛው አጠር ደልደል ያለ፣ ሱሪው ጉልበቱ ላይ በጎማ የተለጠፈ ሰው ነበር። ያንኑ ጥያቄ ጠየቀችው። «ካላየሁት ምን አውቃለሁ?» አላት። እህቴ ወደ እኔ ዞር ብላ፣ ለእንግዳው ወንበር አምጪ አለችኝ። ሰውዬው ግን አልተቀመጠም። ጎንበስ ብሎ ከሲንኩ ሥር ያለውን ቧንቧ እስከ ግድግዳው በእጁ ተከተለው፤ ከዚያ ሦስተኛ ፎቅ ወጥቼ ቧንቧ እንዲከፍቱ እንድነግር ላከኝ። ተመልሼ ስደርስ ሲንካችን ውስጥ የሰው ልብስ ማጠቢያ ሳሙና አረፋ እየተንሳፈፈ ነበር።

የተዘጋው የእኛ ቧንቧ ሳይሆን የጋራው መስመር እንደሆነ ነገረን። ላይ ያለው ሁሉ የሚያፈሰው መውጫ ሲያጣ ዝቅ ባለው ቤት ይወጣል፤ ዝቅ ያለው ደግሞ የኛ ነው። ቁፋሮ አያስፈልግም፣ ጓሮ ያለውን የፍሳሽ ማንሆል መክፈት ነው አለ። ማንሆሉ ግን የሕንፃው ነዋሪዎች ኮሚቴ ሰብሳቢ ባሰለፏቸው የአበባ ማሰሮዎች ሥር ነበር፤ ያለእሳቸው ፈቃድ ደግሞ አንዲት ማሰሮ ንቅንቅ አትልም።

ሰብሳቢው ጡረታ የወጡ የመጋዘን ኃላፊ ናቸው፤ የሚኖሩትም ሦስተኛ ፎቅ ነው። ሕንፃውን እንደ መጋዘናቸው ይጠብቁታል፤ ክፉ ሰው ግን አይደሉም። እህቴን ተከትዬ ወጣሁ። ሰብሳቢው ጉዳዩን አዳምጠው፣ ይከፈት፤ ነገር ግን ፀጉር ከተገኘበት ማጠቢያው ይነሳል አሉ። ማጠቢያ የሌለው ፀጉር ቤት ምን ማለት እንደሆነ እሳቸውም እኛም እናውቃለን። እህቴ ታንገራግራለች ብዬ ስጠብቅ፣ እሺ ጋሼ፣ ግን ሰው ሁሉ ቤቱ በሚውልበት ቅዳሜ ይሁንልኝ፤ እርስዎም አጠገቡ ይቁሙልኝ አለቻቸው።

ቅዳሜ ከሰዓት ጓሮው ሞላ። ቦታ ያጣው ሰው በረንዳው ላይ ተደገፈ። የኛ ሠራተኛ ማሰሮዎቹን አንድ በአንድ፣ ልጅ እንደሚያስተኛ ሰው ቀስ አድርጎ አነሳቸው። ክዳኑን በብረት ፈልቅቆ ሲከፍት ሁላችንም አፍንጫችንን ይዘን ወደ ኋላ አፈገፈግን፤ ከእህቴና ከእሱ በቀር። ረጅሙን ብረት ሰድዶ ሲገፋ፣ ሲጎትት፣ ደግሞ ሲገፋ ቆየና ዳቦ የሚያህል ግራጫ ድንጋይ መሳይ ነገር አውጥቶ ሲሚንቶው ላይ አስቀመጠው። ወዲያው ጉድጓዱ ውስጥ ውሃው እየጮኸ ወረደ።

በመዶሻ ከፈለው። ውስጡ የደረቀ ሲሚንቶና ጂፕሰም ነበር፤ በላዩ ላይ የረጋ የወጥ ቤት ዘይት እንደ ሻማ ተጋግሮበታል። መካከሉ ላይ ደግሞ የሰማያዊ ሴራሚክ ስባሪ ተሰንቅሯል። በስባሪው ዙሪያ ግን የተጠመጠመ ነገር ነበር። ሁለተኛ ፎቅ የምትኖረው ሴት ከበረንዳዋ ላይ ሆና «ይኸው ፀጉር!» አለች።

መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ ብዬ ተመኘሁ።

እህቴ ቁጢጥ አለች። ፀጉሩን በባዶ እጇ መዝዛ፣ በቀሚሷ ጫፍ ጠርጋ፣ ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርጋ አየችው። ምናልባት የላይ ቤት ሰው ነው ትላለች ብዬ ነበር፤ ማን ሊያረጋግጥባት? እሷ ግን ተነስታ ቆመችና ለሁሉም በሚሰማ ድምፅ ተናገረች።

«የኔ ነው። ቀለም የተቀባ ፀጉር ነው፤ ከኔ ቤት እንጂ ከየትም አልመጣም። ጋሼ፣ እኔ የኔን ወስጃለሁ። የቀረውን ባለቤቱ ይውሰድ።»

የሁሉም ዓይን ሰማያዊው ስባሪ ላይ አረፈ። ሰብሳቢው በዚያው ሰሞን መታጠቢያ ቤታቸውን አሳድሰው፣ ሕንፃውን በሙሉ እየጠሩ ሰማያዊ ሴራሚካቸውን አስጎብኝተው ነበር። አሁን መነጽራቸውን አወለቁ፤ ጠረጉ፤ መልሰው አደረጉ። ቢክዱ የሚሟገታቸው አልነበረም። እሳቸው ግን ጉሮሯቸውን ጠራርገው፣ ግንበኞቹ የሲሚንቶ ባልዲያቸውን ደረጃው ላይ እንዳያንጠባጥቡ እዚያው መታጠቢያ ቤት ውስጥ እንዲያጥቡት ያዘዙት ራሳቸው መሆናቸውን ተናገሩ። ከዚያ የሸሚዛቸውን እጅጌ ሰብስበው አካፋ አነሱ።

የኛ ሠራተኛ ግንባሩን በክንዱ እየጠረገ፣ «ዘይቱስ የማን ነው?» አለ። በረንዳው ላይ ያለው ሁሉ ወዲያው ልብሱን ከገመድ ላይ ማንሳት ጀመረ። ያን ጊዜ ሳቁ ፈነዳ። ሰብሳቢውም ሳቁ። ከሳቁ በኋላ ሁለተኛ ፎቅ ያለችው ሴት በባልዲ ሙቅ ውሃ ይዛ ወረደች፤ ሌሎቹም ተከተሏት። ጓሮው እስኪመሽ ታጠበ።

ሠራተኛው ኋላ ለብቻችን እንደነገረን፣ ፀጉሩ ብቻውን ቢሆን ሄዶ ያልቅ ነበር፤ የያዘው ሲሚንቶው ነው። እህቴ ይህን ሄጄ ለሁሉም ልንገር ብላት አልፈቀደችልኝም። የተባለው ተብሏል አለችኝ።

ማጠቢያው ከቦታው አልተነሳም። በሚቀጥለው ስብሰባ የሕንፃውን ውሃና ፍሳሽ የሚከታተል ሰው ሲፈለግ፣ ሰብሳቢው ራሳቸው የእህቴን እጅ ይዘው አስነሷት። «ይህችን ልጅ ያመነ አይከስርም» አሉ። አሁን የማንም ቤት ቧንቧ ቢያፈስ፣ የማንም ፍሳሽ ቢዘጋ መጀመሪያ የሚመጣው እኛ ጋ ነው። ያ ባለጎማ ጉልበት ሠራተኛ ከሕንፃው ጋር ውል ያዘ፤ ከጎረቤት ሕንፃ ሳይቀር ሠራተኛ እንድትመርጥላቸው ይመጣሉ። እህቴ የሰው ጭንቅላት አረፋ ውስጥ እንደያዘች፣ ሠራተኛው ሳይከፍተው በፊት ምን አለ ብላ ትጠይቃቸዋለች። አንዳንዶቹ ከዚያ በላይ ሳይሰሙ ያፍሩና ይመለሳሉ።

የሆነውን ሁሉ በስልክ ለእናታችን የነገርኳት እኔ ነኝ፤ እህቴ ስለራሷ አታወራም። እናታችን እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ከዚያ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጋ አክስታችንን ጠራቻት፤ ደግሞ አጎታችንን ጠራችው፤ ወንበር ሲጎተት ሰማሁ።

«በይ እንደገና ንገሪን» አለችኝ። «ሌላውን ተይው። የኔ ነው ያለችበትን።»