ያልለካሁት ብሎክ

ነገሩ የሆነው ባለፈው ዓመት ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው። እስከዛሬ ለማንም አልተናገርኩም፤ ለባለቤቴ እንኳ። እያደር ይቀለኛል ብዬ ነበር፤ ጭራሽ እየከበደኝ መጣ።

ሶዶ ውስጥ በአንድ አማካሪ ድርጅት መሐንዲስ ነኝ። የቆዩ ሕንጻዎችን እየለካን በኮምፒውተር ሞዴላቸውን እንሠራለን። ግድግዳው፣ ምሰሶው፣ ጣሪያው ከምን እንደተሠራና በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ ሞዴሉ ውስጥ ይመዘገባል። ባለቤቱ በዚያ ቤቱን ይከታተላል፤ ሳያፈርስ ለሌላ አገልግሎት ማዋል ይችል እንደሆነም ይወስናል።

ወደ ጉኑኖ የተላክሁት ሁለት ብሎክ ያለው አሮጌ ትምህርት ቤት ልለካ ነበር። ነዋሪው በደቦ የሠራው ነው። አሁን መዋዕለ ሕፃናት ሊያደርጉት አስበዋል። ቁልፉን የሚይዙት ጋሽ ኦይቻ የሚባሉ አዛውንት ግንበኛ ናቸው።

የመጀመሪያውን ብሎክ ጥንቅቅ አድርጌ ለካሁ። ሁለተኛው ጋ ስደርስ ዝናቡ ወረደ። የሚኒባሱ ረዳትም ከመንገድ ዳር "አረካ! አረካ!" እያለ ይጣራል። ብሎኩን ከውጭ ሳየው ያው ነው፤ ያው በር፣ ያው መስኮት፣ ያው ልስን።

"ልጄ፣ ይሄኛው እንደዛኛው አይደለም" አሉኝ ጋሽ ኦይቻ። "ያንን የላይ ሰፈር ሰው ነው የሠራው፣ በድንጋይ። ይሄን እኛ የታች ሰፈር በእንጨትና በጭቃ ሠራን። ሲሚንቶው ላዩ ላይ ብቻ ነው። ግባና እይ።"

"እሺ ጋሼ፣ ተመልሼ አየዋለሁ" ብዬ ወደ ሚኒባሱ ሮጥኩ።

አልተመለስኩም። ቢሮ ቁጭ ብዬ የመጀመሪያውን ብሎክ ገልብጬ በሁለተኛው ቦታ ለጠፍኩት። ግድግዳ፦ ድንጋይ። ሁኔታ፦ ጥሩ። አለቀ።

ሞዴሉን ለነዋሪው ያሳየነው እዚያው ትምህርት ቤት ውስጥ በፕሮጀክተር ነው። ቤቱ በቀለም አሸብርቆ ግድግዳው ላይ ሲሽከረከር ሰው አጨበጨበ። እኔም ደረቴን ነፋሁ። ጋሽ ኦይቻ እጃቸውን አወጡ።

"ሁለተኛው ቤት ድንጋይ አይደለም። ምስጥም ሳይገባበት አይቀርም" አሉ።

አለቃዬ ወደ እኔ ዞረ። ያኔ "ላጣራ" ብል ምን ነበረበት! እኔ ግን ሳቅ ብዬ፣ "ጋሼ፣ ይሄ እኮ በሌዘር የተለካ ነው። እርስዎ ረስተውት ይሆናል" አልኩ። ሰው ሳቀ። እሳቸው ባርኔጣቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ።

ስብሰባው እንዳለቀ እርጥበትና ስንጥቅ የሚከታተል መሣሪያ ልንተክል ሁለተኛው ብሎክ ገባን። ቴክኒሻኑ መሰርሰሪያውን ግድግዳው ላይ ሲያሳርፍ ብረቱ እስከ ሥሩ ሰመጠ። ከቀዳዳው የተበላ እንጨት ዱቄት ፈሰሰ። ልስኑን ገፋ ሲያደርገው ተገንጥሎ ወደቀ። ውስጡ ምሰሶ የሚባል አልቀረም፤ ምስጥ ጨርሶታል። ሕፃናቱ ሊገቡበት ጥቂት ሳምንት ነበር የቀረው።

"ይሄን ብሎክ ለክተሃል?" አለኝ አለቃዬ።

ጋሽ ኦይቻ በሩ ላይ ቆመዋል።

"ለክቻለሁ። ውስጡን ግን ማንም ሊያውቅ አይችልም ነበር" አልኩ።

እየሰሙኝ ነው ያልኩት። ሁለት ጊዜ የነገሩኝ ሰውዬ! አንዴ አዩኝና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ። "እንኳን ልጆቹ ሳይገቡ ታወቀ" ብቻ አሉ።

ያ ብሎክ ፈረሰ። በሩ፣ መስኮቱና ደህናው ቆርቆሮ ተለይቶ የድንጋዩን ብሎክ ለማደስ ዋለ፤ ሕፃናቱ አሁን እዚያ ይማራሉ። እኔም ከመፍረሱ በፊት በትክክል ለክቼው ሞዴሉን እንደገና ሠራሁት። በቢሮ ደግሞ ተመሰገንኩ፤ መሣሪያው ይተከል ብዬ ሐሳብ ያቀረብኩት እኔ ነበርኩና።

ከሁለት ሳምንት በፊት አረካ መናኸሪያ ጋሽ ኦይቻን ከነባለቤታቸው አገኘኋቸው። ልሸሽ ስል ጠሩኝ።

"ይሄ ነው እንግዲህ ያ ኢንጂነር" አሏቸው ለባለቤታቸው። "እሱ ባያስበሳው ኖሮ ያ ቤት ልጆቹ ላይ ይወድቅ ነበር።"

ሽሙጥ መስሎኝ ፊታቸውን አየሁ። አልነበረም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ባለቤታቸው እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው መረቁኝ። እኔም አንገቴን ደፍቼ "አሜን" አልኩ።

ይህ ጽሑፍ እጃቸው እንደማይገባ አውቃለሁ። እዚህ ለመጻፍ የደፈርኩትም ለዚሁ ሳይሆን አይቀርም።