የእጅ ሰዓቴና የማትጠልቀው ፀሐይ

ይህ ነገር የደረሰብኝ አምና በሰኔ ነው። እስካሁን መርፌ በያዝኩ ቁጥር እጄ የሚያመነታው በሱ ምክንያት ነው።

ሮም፣ ኤስኲሊኖ ሰፈር፣ ሲኞራ ብሩና የሚባሉ የሰማንያ አራት ዓመት አሮጊት ቤት እሠራለሁ። ስኳር አለባቸው። ኢንሱሊናቸውን ጠዋትና ማታ የምወጋቸው እኔ ነኝ፤ የጠዋቱ ብዙ፣ የማታው ጥቂት። ሴትዮዋ «ፀሐይ የማትጠልቅበትን አገር ሳላይ አልሞትም» ብለው ድርቅ አሉ። ልጃቸው ማርኮ እምቢ ማለት አቃተውና ሁለታችንንም ይዞ ኖርዌይ ሰሜን ጫፍ ሄደ፤ እዚያ መኪና ተከራየ።

አስፋልቱ አልቆ ኮረኮንቹ ሲጀምር ሰው የሚባል ጠፋ። ዛፍ እንኳ የለም። ረግረግ፣ ድንጋይ፣ አልፎ አልፎ አጋዘን። ጠጠሩ ከመኪናው ሥር ሲንጣጣ ይውላል። ፀሐይዋ አትጠልቅ፣ እኛም በወጉ አንተኛ። በሦስተኛው ቀን ማርኮ ደከመውና ከመንገድ ወጣ ብሎ አቆመ። ሦስታችንንም እዚያው እንቅልፍ ጣለን።

አሎራ፣ እንግዲህ ስለ ሰዓቴ ልንገራችሁ። የእጅ ሰዓቴ በሐበሻ አቆጣጠር ነው የሚሄደው፤ ለጣሊያኖቹ ስምንት ሲሆን የኔ ሁለት ይላል። አሥራ አንድ ዓመት ሮም ስኖር አልቀየርኩትም፣ ግትር ነኝ። ጠዋት ይሁን ማታ ለመለየት ወደ ውጭ አንድ ጊዜ ማየት ይበቃኝ ነበር።

ስነቃ ሰዓቴ ሁለት ይላል። ፀሐይዋ ፊቴ ላይ ነች። ነግቷል ብዬ ሲኞራን የጠዋቱን መርፌ ወጋኋቸው። በላዩ ስኳር የሌለው ሻይና ሁለት ደረቅ ብስኩት ሰጠኋቸው።

ማርኮ ተነስቶ መንዳት ጀመረ። ጥቂት እንደሄድን «እራት ሳያልፈን እንደርሳለን» አለ።

እራት ሲል ስልኬን አወጣሁ፤ በጣሊያኖቹ አቆጣጠር ሃያ ከአርባ ይላል። ማታ ነው። ለማታ የጠዋቱን፣ ስኳራቸውን ከልክ በታች የሚያወርደውን ብዙውን፣ ሰጥቻቸዋለሁ።

ተናገሪ አልኩ ለራሴ። አፌ እምቢ አለ። ሥራዬ፣ ኮንትራቴ፣ በኮንትራቱ የሚታደሰው ፔርሜሶዬ፣ የመኖሪያ ፈቃዴ ማለት ነው፣ ሁሉም ማርኮ እጅ ነው ያለው። ምናልባት ምንም አይሆኑም እያልኩ ራሴን ሸነገልኩ። እንዲህ እያልኩ አንድ ድልድይ አለፍን። ሁለተኛውንም አለፍን። ከዚያ የሲኞራን እጅ ብይዘው በላብ ርሷል፤ ይንቀጠቀጣል።

«ማርኮ፣ ተሳስቼ የጠዋቱን መርፌ ነው የወጋኋቸው» አልኩት።

መኪናውን አቆመ። ዞሮ አየኝ፤ አልጮኸም። «ስኳር» አለ ብቻ። ስኳር ከየት ይምጣ? ለጤናቸው ብዬ ጣፋጭ የሚባል ነገር መኪናው ውስጥ እንዳይገባ የከለከልኩት እኔው ነኝ። ብስኩቱን ማኘክ አቃታቸው። ስልክ ቢባል ኔትወርክ የለም።

ከሩቅ አቧራ አየሁ። ወርጄ መንገዱ መሃል ቆምኩ። ዓሣ የጫነ ከባድ መኪና ነው፤ ሹፌሩ ጢማም ሽማግሌ። በቋንቋ አልተግባባንም፤ ሲኞራን ሲያይ ግን ገባው። ከጋቢናው አንድ ጠርሙስ ለስላሳ አመጣ። ጠጠሩ ላይ ተንበርክኮ አንገታቸውን ደገፈልኝ። እኔ መዋጣቸውን እያየሁ በማንኪያ በማንኪያ አጠጣኋቸው። ብዙ ቆይተው ዓይናቸውን ገለጡና «ነጋ እንዴ?» አሉኝ። እዚያው አለቀስኩ።

ሰውዬው መንገዱ በተቃራኒው ነበር። መኪናውን አዙሮ የኛን አቧራ እየጠጣ በቅርብ እስካለው ጤና ጣቢያ ድረስ ተከተለን። ስሙን እንኳ አልጠየቅነውም።

ማርኮ ሁለት ቀን አላናገረኝም። በሦስተኛው ቀን እናቱ «ማንም የማያውቀውን ራሷ ነገረችህ። እንዲህ ያለች ሰው ከየት ታመጣልኛለህ?» አሉት። «ቫ ቤኔ፣ ይሁን» ብሎ እኔን የማሰናበቱን ነገር ተወው።

ዛሬም እሳቸው ጋ ነኝ። ሰዓቴን አውልቄ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። ስለ ስህተቱ ራሴን ይቅር ብያለሁ፤ ሰው ነኝ። ሲኞራ ለጎረቤቶቻቸው ታማኝነቴን ሲያወሩ ግን አንገቴን እደፋለሁ። ዝም ብዬ ያለፍኳቸውን ሁለት ድልድዮች እሳቸው አያውቋቸውም።