በራጅ ላይ የተሳለው አረማመድ

በደርግ ጊዜ ቦሌ መንገድ ዳር ባለ አንድ መሥሪያ ቤት ለመሠረተ ትምህርት የሚሆን ፊልም እንሠራ ነበር። እኔ ሥዕል የማንቀሳቅሰው በካርቶን ነው። የገበሬውን ራስ፣ ክንድና እግር ለየብቻ ቆርጬ መጋጠሚያውን በቀጭን ሽቦ አስራለሁ። ከዚያ ጠረጴዛ ላይ አስተኝቼ እግሩን ገፋ፣ ካሜራውን ጠቅ፤ ደግሞ ገፋ፣ ደግሞ ጠቅ። ቀኑን ሙሉ ተጎንብሼ ስውል ገበሬዬ ከበሬው እስከ ዛፉ ቢደርስ ነው። ቢሆንም በመሥሪያ ቤቱ ይህን የሚችል እኔ ብቻ ነበርኩ፤ እኮራበትም ነበር።

ከዚያ ጓደኛዬ ተመለሰ። ሃያ ሁለት አካባቢ አንድ ግቢ ተከራይተን የኖርን፣ በአንድ ጠረጴዛ የሠራን ሰው ነው። ቼኮዝሎቫኪያ ሄዶ የካርቱን ፊልም የሚማር አንድ ሰው ሲፈለግ ሁለታችንም ተወዳደርን፤ እሱ ሄደ። ለምን እንደተመረጠ እስከ ዛሬ አይገባኝም። ሲመጣ የቆዳ ጃኬት ለብሶ፣ ለእኔ ደግሞ የሥዕል እርሳስ ይዞልኝ ነበር። እርሳሱ ጥሩ እርሳስ ነው። ጥሩ መሆኑም አናደደኝ።

እሱ ካርቶን አይቆርጥም። ብርሃን በሚያሳልፍ ስስ ላስቲክ ላይ እያንዳንዱን እንቅስቃሴ እንደ አዲስ ይስላል። ዛፉና ጎጆው ከሥር ባሉበት ይቆያሉ፤ ከላይ ሰውየው ብቻ ይለዋወጣል። ግንባሩ ይቋጠራል፣ ጋቢው በነፋስ ይነሣል። የእኔ ገበሬ ከዚያ አጠገብ እግሩ የላላ ወንበር መሰለኝ።

በዚያው ሰሞን አንድ ትልቅ ሥራ መጣ፤ ፊደል ሊቆጥር ስለሚሄድ ገበሬ፣ በቴሌቪዥን የሚታይ። ያ ፊልም የእኔ እንዲሆን ያልተመኘሁበት ቀን አልነበረም። ኃላፊያችን ጠሩኝና፣ «ሥራውን ለጓደኛህ ሰጥተነዋል። አንተ ላስቲክ ፈልግለት» አሉኝ።

ላስቲኩ አገር ውስጥ አይገኝም። ስለዚህ ከሆስፒታል የሚጣል አሮጌ ራጅ እየለመንኩ አመጣና በረኪና ውስጥ እነክረዋለሁ፤ የማላውቀውን ሰው ጎድን እየፋቅሁ ነጭ መስታወት እስኪመስል አጥበዋለሁ። እጄ ተላጠ። እኔ አጥንት አጥባለሁ፣ እሱ ይስልበታል። ቅናት አጥንትን ያነቅዛል የሚባለውን ያኔ ነው ከልቤ ያመንኩት።

የፊልሙን የመጀመሪያ ቁራጭ ከላምበረት ወጣ ብሎ ባለ የገበሬ መንደር ወስደን አሳየን። የተሳለው ገበሬ ደረቱን ነፍቶ፣ እጁን ወዲያና ወዲህ እያወናጨፈ ብቅ ሲል ተመልካቹ በሳቅ ፈረሰ።

«ዱላውን የት ጥሎት ነው?» አሉ አንድ ሽማግሌ። «ሰልፍ ነው እንዴ የሚሄደው?»

ጓደኛዬ አረማመዱን የተማረው ከፈረንጅ መጽሐፍ ነበር። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። አሁን ሥራውን ወደ እኔ ያዞሩታል እያልኩ፣ መኪናው ውስጥ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ ተመለስኩ።

በማግስቱ የመጥረጊያ እንጨት ይዞ መጣ።

«አንተ ገጠር ነው ያደግኸው። እስቲ ከዚህ እስከ በሩ ሂድልኝ።»

«ራስህ አትሄድም?»

«እኔ የአራዳ ልጅ ነኝ። ዱላ ይዤ አላውቅም።»

እምቢ ልለው ነበር። እንጨቱን ስጨብጠው ግን ትከሻዬ አልጠየቀኝም፤ ከማጅራቴ ላይ አጋደምኩት፣ ሁለቱን እጆቼን ሰቀልኩበትና ኮሪደሩን ይዤ ሄድኩ። እሱ መሬት ቁጭ ብሎ ይስላል። ድገመው አለኝ፣ ደገምኩለት። በጣም ደስ ብሎት ነበር፤ ምሳም ጋበዘኝ። ሥራው እዚያው እሱ ጋ ቀረ።

ፊልሙ የታየ ዕለት ቴሌቪዥን ያላቸው ጎረቤታችን ቤት ተሰበሰብን። ገበሬው ዱላውን አጋድሞ፣ እየተዝናና ቁልቁለቱን ሲወርድ፣ ባለቤቴ በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ።

«ይኼማ አንተ ነህ። ያቺን ግራ እግርህን ወደ ውጭ የምትጥላት ነገር እንኳ አለች።»

እውነቷን ነው፣ እኔ ነበርኩ። እሱ የሳለኝ እኔ ግን ከእኔ ያምራል፤ ይህ ደግሞ ከቼኮዝሎቫኪያውም ከቆዳ ጃኬቱም ይልቅ አንገበገበኝ። እሷ ዓይኗን ከቴሌቪዥኑ አልነቀለችም።

«ምነው አንተም እንዲህ ብትሄድ» አለች።

ወደ ቤት ስንመለስ ወደ ኋላ ቀረት አልኩ፤ ስራመድ እንዳታየኝ።