ጋቢ የለበሰው ካሜራ

በነጋታው ባቡር ልሳፈር ሲሆን፣ ማታ ባሌ በቀለ እንባው ቅርር ያለው ለኔ እንዳይመስላችሁ። ለካሜራው ነው።

የካዛንቺስ ሰዎች ታውቁታላችሁ። በዓል በመጣ ቁጥር ስታዲየም በር ላይ ቆሞ ሰው ሲያነሳ ነው ያረጀው። እኔ ደግሞ ቦርሳውን ተሸክሜ ከሰርግ ሰርግ ስከተለው ነው ያረጀሁት። ፊደል ባልቆጥርም ማንሳቱን አሳይቶኛል። ይሄንንም እኔ አወራለሁ፣ ልጄ ሂሩት ትጽፋለች። ውሸት ካገኛችሁበት የሷ ነው።

እና ሂሩት ጂቡቲ ወለደች፣ «እማዬ ነይልኝ፣ ከኔው ጋር ኑሪ» አለች። በቀለን እግሩ እምቢ አለው፣ ቀረ። ካሜራውን ግን ሰጠኝ። ማንም እንዲነካው የማይፈልገውን!

«አስካለ፣ የልጁን ክርስትና በዚህ አንስተሽ ላኪልኝ። በሰው ካሜራ የተነሳ አላይም። ፊቱን በኔው ሌንስ ነው ማየት የምፈልገው።»

ከዚያ በጋቢ ጠቀለለው፤ እንደ ሁልጊዜው ማለቴ ነው፣ ሐምሌ እንዳይመታው ቤታችንም ጋቢ ለብሶ ነው የሚያድረው።

«ጂቡቲ ብርድ አለ እንዴ?» ብለው፣

«ብርድ የሌለበት አገር የለም» አለኝ።

የሌንሱ ክዳን እፊቱ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ፣ እሱ በእጁ እየዳበሰ ይፈልገዋል። «ለካሜራ ስታለቅስ ዓይንህ ጠፋ!» ብዬ ሳቅሁበት። እሱም ሳቀ።

ባቡሩ አዋሽን ካለፈ በኋላ ሙቀቱን አታንሱት። እኔ ጋቢውን እንደታቀፍኩ ነኝ። ጠረፍ ላይ አንድ ፈታሽ መጣ።

«እማማ፣ የታቀፉት ሕፃን የማን ነው?»

«የባሌ ነው።»

«ወረቀት አለው?»

«ኧረ ገና ክርስትና አልተነሳም።»

ገለጥ አድርጎ ሲያየው ዓይኑ ፈጠጠ። «ይሄማ ካሜራ ነው! ምን ሊያነሱበት ነው? ወደብ?»

«ወደብ ምን ያደርግልኛል ልጄ፣ የልጅ ልጄን ነው እንጂ።»

«ታዲያ በዚህ ሙቀት ጋቢ ምን ይሠራለታል?»

«ላንተስ በዚህ ሙቀት ኮት ምን ይሠራልሃል?»

ሳቁን ዋጥ አድርጎ «ይለፉ፣ ይለፉ» አለኝ።

ጂቡቲን ምን ልበላችሁ። የወጥ ድስት ስትከፍቱ እንፋሎቱ ፊታችሁን አይመታም? አየሩ እሱ ነው፣ በቃ፣ ድስቱ አይከደንም። ባጌት የሚሉት ረጅም ዳቦ አላቸው፣ ጠዋት ሲሰበር ይንኮሻኮሻል፣ ማታ እንደ ፎጣ ይጠቀለላል። ጨው ራሱ ያልበዋል። ከሰዓት ጫቱ ሲገባ ደግሞ ሰው የሚባል መንገድ ላይ የለም። አሁን የካዛንቺስ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ብሰማ እላለሁ።

አንድ ቀን ካሜራውን ስገልጠው፣ ሌንሱ ላይ ነጭ ነጭ ነገር፣ የሸረሪት ድር የመሰለ። «ብርድ መታው!» አልኩ። ምን አደረግሁ? የሂሩትን ጋቢ ደረብኩለት! ሰነባብቼ ባየው ድሩ ብሶበታል። ክርስትናው ደግሞ ደርሷል።

የቤት አከራያችን ሐሊማ ድሬዳዋ ያደገች ናት፣ አማርኛዋ ከኔ ይፈጥናል። ያን ሰሞን መጣችና ጥቅሉን አየችው።

«አስካለ፣ ሬሳ ነው የገነዝሽው?»

«ካሜራ ነው። ብርድ መቶት ነው።»

«ብርድ? ብርድማ ጂቡቲ ቪዛ ተከልክሏል!» ጋቢውን በእጇ ጨመቅ አደረገችው። «ንኪው እስቲ። ይሄ ጥጥ ባሕሩን ሲጠጣ ከርሞ ለካሜራሽ እያጠባው ነው። ሻጋታ ነው ያወጣው፣ እንደ ዳቦ።»

እኔ እቴ ለካ ሳስታምም ስገድለው ኖሯል!

ሻጋታው እግዜር ይመስገን የላይኛው መስታወት ላይ ነበር። አልኮል ነካ ባደረገ ለስላሳ ጨርቅ ቀስ አድርጌ ጠረግሁት፣ ለቀቀ። ሐሊማ ክዳኑ ጥብቅ የሚል የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ሰጠችኝ። ሩዝ በመጥበሻ አመስ አመስ አድርጎ፣ በደንብ አቀዝቅዞ፣ ንጹሕ ካልሲ ውስጥ ቋጥሮ ከካሜራው ጋር መክደን ነው። እርጥቡን ሩዙ ይጠጣዋል። ሩዙ ሲሰንፍ እንደገና ማመስ። ፀሐይ ላይ የሚሰጣው ጋቢው ነው እንጂ ካሜራው እንዳይመስላችሁ። ሩዙንም ከምሳው ሩዝ ለዩት፣ ሂሩት አንዴ ቀቅላዋለች። አልቀቀልኩም እያለች ነው፣ ግን ጻፊው ብያታለሁ።

የክርስትናው ጠዋት የክርስትና አባቱ በመኪናው ወሰደን። ክሊማ የሚሉት ማቀዝቀዣ አለው፣ ውስጡ እንጦጦ ነው። ቤተ ክርስቲያን ደርሰን ወርጄ ካሜራውን ባወጣው፣ ሌንሱ በላብ ተጠመቀ! ከልጁ ቀደመ። እጠርገዋለሁ፣ ይመጣል። እጠርገዋለሁ፣ ይመጣል።

«እማዬ አንሺ እንጂ!» ትላለች ሂሩት። ካህኑ ልጁን ሊነክሩት ነው።

ያኔ በቀለ ትዝ አለኝ። በሐምሌ ከውጭ ብርድ ሰርግ ድንኳን ስንገባ ሌንሱ እንዲህ ሲሆንበት አይጠርገውም ነበር፣ ቆሞ ይጠብቃል። «ሙቀቱን ሲለምድ ራሱ ይተወዋል» ይል ነበር።

«አባ» አልኩ፣ «ትንሽ ጸሎት ይጨምሩልን።»

«ምን ያህል ልጨምር?»

«የካሜራው ላብ እስኪደርቅ።»

አባ ሳቃቸው አመለጣቸው፣ ግን ጨመሩ፣ ይባረኩ። ሌንሱ ጠራ። ልጁ አፉን ከፍቶ ለቅሶውን ሲያቀልጠው ቀጭ አደረግሁት።

ከፎቶ ቤት ሁለት አሳጠብኩ። ምን ልበላችሁ፣ ሽፋሽፍቱ ላይ ያለው የውሃ ጠብታ ሳይቀር ይታያል። አንዱን ግድግዳ ላይ ለጠፍኩ፣ አንዱን በመንገደኛ ለበቀለ ላክሁ።

ደረሰ ሲሉኝ ጎረቤታችን ትርንጎ ቤት ደወልኩ፣ ስልክ ያላት እሷ ናት። በቀለን ጠራችልኝ።

«አየኸው?»

«አየሁት። አስካለ፣ ሌንሱን አበላሸሽው አይደል?»

«ማን ነገረህ?» ስለ ሻጋታው ትንፍሽ አላልኩትም እኮ።

«ፎቶው ይናገራላ። የልጁ ፊት ጉም ውስጥ ነው። አምፖል ስር አየሁት፣ ደጅ አውጥቼ ፀሐይ ላይ አየሁት፣ ያው ነው።»

ቀና ብዬ ግድግዳውን አየሁ። ጠብታዋ ሽፋሽፍቱ ላይ አለች። ያ የሌንስ ክዳን፣ እፊቱ እያለ በእጁ ሲዳብስ «ዓይንህ ጠፋ» ብዬ የሳቅሁበት፣ ትዝ አለኝ።

«አዎ፣ አበላሸሁት» አልኩ። «ባሕሩ ነው።»

«ጋቢ አላለበስሽውም?»

«አልብሼው ነበር።»

«እንግዲህ ጠርገሽ ሌላ አንሺልኝ። ፊቱን ልየው።»

«እሺ፣ አነሳልሃለሁ። አሁን ትርንጎን ስጠኝ።»

«ምን ልትያት?»

«የሴት ወሬ ነው፣ ምን አገባህ።»

ስልኩን ሰጣት። ከኋላዋ «ጉም እንዳለበት ንገሪያት! እኔን አታምነኝም!» ሲል ይሰማኛል። ትርንጎ ፎቶውን ከእጁ ተቀብላ አየችው መሰለኝ፣ ድምጿ ዝቅ አለ።

«አስካለ፣ ጥርት ያለ ነው እኮ» አለችኝ።

«አውቃለሁ» አልኳት።