ክብሪት አለን

ልጅ ሳለሁ ከሰማኋቸው ተረቶች ሳይለቀኝ የቀረው አንዱ ብቻ ነው፤ እሱንም ለመረዳት ባል ማግባት፣ አገር መልቀቅና በወለጋ ዝናብ መበስበስ አስፈልጎኛል። ባለቤቴ ታደሰ ካረፈ ወዲህ አንድ ቦታ መቀመጥ አቅቶኛል። ከጓዳ ወደ ደጅ፣ ከደጅ ወደ አጥር እመላለሳለሁ። ነጠላ አጥፌ አስቀምጣለሁ፤ ያጠፍኩትን ዘርግቼ እንደገና አጥፋለሁ። እጄ የሚያርፈው ስጽፍ ብቻ ስለሆነ እጽፋለሁ።

ተረቷን የምትነግረን የአባቴ እህት እትዬ ስንዱ ነበረች። ሁለት ጊዜ ሩቅ አገር ተድራ፣ ሁለቱንም ትዳር ትታ ጎጃም ወደሚገኘው የወንድሟ ቤት የተመለሰች ሴት ናት። ያኔ ፀሐይ ጠልቃ ከብቶቹ ከገቡ በኋላ፣ የኩበቱ ጭስ ወደ ጣሪያው ወጥቶ ከሣሩ ጋር ሲቀላቀል፣ ኩራዟ ምሰሶው ላይ ተንጠልጥላ የእትዬ ስንዱን ግማሽ ፊት ብቻ ስታበራ፣ እሷ እንዝርቷን እያሾረች፣ ዓይኗን ከጥጡ ሳታነሳ ትጀምራለች።

ባልና ሚስት ነበሩ። ከማንም ሳይጣሉ አገራቸውን ለቀው ወጡ። ሚስቲቱ እሳቷን በገል ድስት አድርጋ፣ አመድ አልብሳ፣ በጀርባዋ አዘለችው። መጀመሪያ የደረሱበት አገር ሰዎች ወጥተው «እሳት አላችሁ?» አሏቸው። «አለን» አሉ። «እንግዲያው እለፉ» አሏቸው፤ አለፉ። በሁለተኛው አገርም «እሳት አላችሁ?» አሏቸው። «አለን።» «እንግዲያው እለፉ።» እኛ ልጆቹ አገሮቹን በጣታችን እንቆጥራለን። የሁለት እጆቻችን ጣት ሲያልቅ እትዬ ስንዱ እንዝርቷን ታቆምና «እስከ ዛሬ ይሄዳሉ፤ እሳታቸውም አልጠፋም» ብላ ትጨርሳለች። ከዚያ ፍሙን በአመድ አዳፍና ትነሳለች።

ያኔ ይህ ለሚስቲቱ ምስጋና ይመስለኝ ነበር። በእኛ መንደር ጠዋት ጠዋት ገል ይዛ እሳት ለመጫር ጎረቤት የምትዞር ሴት «እሳት የማታሳድር» ትባላለች፤ ከዚህ የባሰ ስድብ አልነበረም። እኔ ግን ሳድግ እንደዚያች መንገደኛ ሴት እሆናለሁ፣ የማንንም ደጅ አልጠናም እያልኩ ፍሙ በአመዱ ውስጥ ሲቀላ እያየሁ እተኛለሁ።

በአሥራ ሰባት ዓመቴ ታደሰን አገባሁ። አዲስ አበባ ተምሮ ገና መምህር የሆነ፣ ረጅም፣ ሲሄድ አንገቱን ወደፊት የሚያስቀድም ሰው ነበር። እኔም አባቴ ቄስ ስለነበረ ፊደል ቆጥሬ ነበርና ያነበበውን ጋዜጣ ለእኔ ያሳልፍልኛል። በመጋቢት ወር አንድ የታመመ መምህር ተክቶ እንዲያስተምር ነቀምቴ ተመደበ። ከአዲስ አበባ ስንነሳ «ለቤታችን» ብሎ በሰማያዊ ወረቀት የተጠቀለለ አንድ ደርዘን ክብሪት ገዛልኝ። አባቴ ቤት አንዲት ክብሪት ለአንድ ወር ትቆጠብ ስለነበር፣ አሥራ ሁለቱን ታቅፌ በጭነት መኪናው የጨው ጆንያ ላይ ስቀመጥ ወርቅ የተሸከምኩ መሰለኝ።

መኪናው አኖ የምትባል ትንሽ ከተማ ላይ ጎማ ፈንድቶበት ግማሽ ቀን ቆምን። ታደሰ መቀመጥ የማይችል ሰው ስለነበር ከተማዋን ሦስት ጊዜ ዞሮ ሸንኮራ ገዝቶ መጣ። «አስካለ፣ እዚህ አገር መሬቱ ቀይ ነው፤ ሸንኮራው ግን ነጭ ነው» አለኝ፣ እንደ ትልቅ ግኝት። እኔ ክብሪቴን እንደታቀፍኩ ነበርኩ።

ነቀምቴ የተከራየነው ቡርቃ ጃቶ በሚባለው ሰፈር በኩል፣ ከከተማው ዳር፣ አንድ ክብ የሣር ቤት ነበር። ጠርጌ፣ ሦስት ጉልቻ አስቀምጬ፣ በመጀመሪያዋ ክብሪት እሳቴን አነደድኩ። ታደሰ አጨበጨበልኝ። እጁን ሳያወርድ በአጥሩ ቀዳዳ አንዲት ጠና ያለች ሴት፣ በገል ላይ ፍም ይዛ፣ ጭሱ ዓይኗን እያስለቀሳት ገባች። ስሟ ደሚቱ መሆኑን ያወቅሁት በኋላ ነው።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ» አለችኝ፤ «ኢቢዳ፣ እሳት አምጥቼልሻለሁ።»

ፊቴ ጋለ። ገና ሳታውቀኝ እሳት የማታሳድር አደረገችኝ ብዬ ነው። ክብሪቱን ከሰማያዊው ወረቀት አውጥቼ ጆሮዋ ሥር አንቀጫቀጭኩት።

«ክብሪት አለን! አሥራ ሁለት!»

ክብሪቱን አየች፤ የሚነደውን እሳቴን አየች፤ እኔን አየች። «ኧረ? ጥሩ ነው» አለችና ፍሟን እንደያዘች በመጣችበት ተመለሰች። ጭሱ በትከሻዋ ላይ ወደ ኋላ ሲተኛ ትዝ ይለኛል።

«ቁጭ እንኳ ሳትል?» አለ ታደሰ።

«ሥራ ይኖርባታል» አልኩ።

ከዚያ ቀን በኋላ ማንም ደጃችንን አልረገጠም። ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ጠዋት በአጥሩ ላይ «አካም ቡልቴ?»፣ እንዴት አደርሽ፣ ይሉኛል፤ «ነጋ»፣ ደኅና፣ እላለሁ፤ ያልፋሉ። ከጎጃም ያመጣሁትን በርበሬ በሰሃን ለአዴ ደሚቱ ሰጠኋት፤ ሰሃኔ ማር ሞልቶ ተመለሰ፤ ግን በአጥሩ ላይ ነበር የተዘረጋልኝ። አዴ የሚለው ቃል እንደ እኛ እትዬ መሆኑን ያስተማሩኝ የታደሰ ተማሪዎች ናቸው።

ታደሰ ነገሩ የቋንቋ ነው አለ። ስለዚህ ኦሮምኛ በጀግንነት ጀመረ። ያገኘውን ሁሉ ሰላም ይላል፤ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ሲመለስ ጎንበስ ብሎ በጠዋት ሰላምታ የአዴ ደሚቱን ፍየል «እንዴት አደርሽ» ሲላት ያዩ ሕፃናት ሳምንቱን ሙሉ ተከትለውት ዋሉ። «በርሲሳ! በርሲሳ!» ይላሉ፤ መምህር ማለታቸው ነው፤ «ፍየሏ ደኅና ናት!» እኔ ደግሞ የቤተ ክርስቲያን ነገር ነው አልኩ። እነሱ እሁድ መዝሙር ወደሚዘመርበት የጸሎት ቤታቸው ሲሄዱ እኛ ነጠላችንን አጣፍተን ወደ ማርያም እንሄዳለን። ግን በዚያው መንገድ የሚሄዱ የሸዋ ሰዎች ነበሩ፤ እነሱ ቤት ጎረቤት ይገባል፣ ይወጣል። እኛ ቤት አይገባም።

ሰው ሲያጣን ከተማውን ያዝነው። ታደሰ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ደብተሩን ሳያስቀምጥ «ዛሬ በዚህ በኩል እንሂድ» ይለኛል። ሄድን። ቁልቁለት ወርደን ወንዝ አጥተን ተመለስን። ገበያ መሐል ተጠፋፍተን እሱ እኔን፣ እኔ እሱን ስንፈልግ አንድ የጨው ነጋዴ ዙሪያ አራት ጊዜ ተዟዟርን፤ ነጋዴው በመጨረሻ እጄን ይዞ «ሴትዮ፣ ባልሽ ያው፤ እዚሁ ቁሚ» አለኝ። አንድ ቅዳሜ ታደሰ በአዲሱ ኦሮምኛው ተከራክሮ ትልልቅ ድንች ገዛሁ ብሎ መጣ። እንደ ድንች ጣድኩት፤ አልበስል አለ። እሳት ጨመርን፤ እንጨቱ አለቀ። አንጮቴ እንደሚባል፣ ከድንች ይልቅ ትዕግሥት እንደሚፈልግ የሚነግረን ጎረቤት ስላልነበረን ግማሹን ጥሬ በላነው። ያን ቀን እስክናነባ ሳቅን። ግን የሚስቅ ሌላ ሰው ከሌለ ሁለት ሰው የሚስቀው ሳቅ ቶሎ ያልቃል። ተኝተንም እግራችን የሚሄድ ይመስለኝ ነበር።

በሰኔ ዝናቡ መጣ። የወለጋ ዝናብ አያካፋም፤ ይወርዳል። መንገዱ ቀይ ወንዝ ሆነ፤ መንሸራሸራችንም ቀረ። እኔ ቀኑን ሙሉ ጣሪያው የሚያፈስበትን ቦታ በድስት እየተከተልኩ ብቻዬን እውላለሁ። አንድ እሁድ «እዚህ ብሞት የምታለቅስልኝ ያቺ ፍየል ናት» አልኩት። ታደሰ አልሳቀም። በማግስቱ ሰኞ፣ ሥራ ሳይሄድ በፊት፣ ከነቀምቴ ተነስቼ ወደ አገሬ ልመለስ የሚል ማመልከቻ ጽፎ፣ አሽጎ፣ የጂኦግራፊ መጽሐፉ ውስጥ አስገባው። ዓመት ሳይሞላው ቦታውን የሚለቅ መምህር ሁለተኛ እንደማይቀጠር እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። የፖስታው መኪና ማክሰኞ ጠዋት ይሄዳል። «አንቺ ከምትከስሚ ሥራው ይቅር» አለኝ። አትላክ አላልኩም።

ያን ዕለት ከቀትር በኋላ ጣሪያው በምድጃው ላይ አፈሰሰ፤ እሳቴ ጠፋ። ደንግጬ ክብሪት አወጣሁ። የእንጨቷ ራስ እንደ ጭቃ ተላጠ። ሌላ አወጣሁ፤ ሌላ ፓኮ ከፈትኩ። ሰማያዊው ወረቀት ከግድግዳው እርጥበት ጠጥቶ በጣቴ ላይ ቀለሙን ለቀቀ። አሥራ ሁለቱም ፓኮ ረጥቧል። ታደሰ ከእግር እስከ ራሱ በስብሶ፣ መጽሐፉን በኮቱ ሥር ደብቆ፣ ጥርሱ እየተንገጫገጨ ገባ። ቀዝቃዛውን ምድጃ አየና ጥግ ሄዶ ተቀመጠ። አገር የለቀቁ ባልና ሚስት፣ ውጭ ዝናብ፣ እሳት የለም። ያኔ ነው የእትዬ ስንዱ ድምፅ የመጣብኝ። እስከ ዛሬ ይሄዳሉ። ተረቷ ምስጋና ሳትሆን የምታስፈራ መሆኗ ያን ጊዜ ገባኝ። ሰዎቹ እሳት አላችሁ ወይ እያሉ የሚጠይቁት ሊሰጡ ፈልገው ነበር።

ገል አነሳሁ። ነጠላዬን ተከናንቤ በአጥሩ ቀዳዳ ሾለክሁ። የአዴ ደሚቱ ደጅ ላይ ውሃው ከራሴ እየወረደ ቆምኩ።

«አዴ፣ እሳት ይስጡኝ።»

ከምድጃዋ ሳትነሳ ቀና አለች። «ክብሪትሽስ?»

«ረጠበ።»

«አሥራ ሁለቱም?»

«አሥራ ሁለቱም።»

ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። የምታለቅስ መስሎኝ ነበር፤ ለካ እየሳቀች ነው፤ ስቃ ስታበቃ እንባዋን በመዳፏ ጠረገች። «ሦስት ወር!» አለች። «ማሎ፣ እባክሽ፣ ሦስት ወር ሙሉ! ያን ቀን ፍሜን ይዤ ስመለስ ባሌ ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ? ‹ምነው፣ ሰዎቹ አያድሩም እንዴ?› አለኝ። እኛ ጋ አዲስ ቤት በገዛ ክብሪቱ አይነድም። የጎረቤት እሳት ያልገባበት ቤት የመንገደኛ ቤት ነው። መንገደኞች ናቸው፣ ነገ ይሄዳሉ፣ አናስቸግራቸው ብለን ተውናችሁ።»

«እኔ እኮ ሰነፍ ያሉኝ መስሎኝ ነው» አልኳት። የአገሬን ነገር፣ እሳት የማታሳድር ስለምትባለዋ ሴት ነገርኳት። እጇን አፏ ላይ ጫነች። «አዪ ኢንተላ ኮ! እኔ ደግሞ ኩሩ ናት ብዬሽ!»

ፍሙን በገሌ ላይ አደረገችልኝና በኮባ ቅጠል ሸፈነችው። ግን ለብቻዬ አልሰደደችኝም፤ እሳቱን ምድጃ ውስጥ የምታስቀምጠው ሰጪዋ ናት ብላ በዝናቡ አብራኝ መጣች። ታደሰ ሲያያት ብድግ አለና የተማረውን ኦሮምኛ ሁሉ ረሳው።

«በርሲሳ፣ ደረቅ ነገር» አለችው ጉልቻው አጠገብ እየተንበረከከች። ሣሩ ረጥቧል፤ እንጨቱ ረጥቧል። ታደሰ ዙሪያውን አየ፣ እኔን አየ። ከዚያ መጽሐፉን ከኮቱ ሥር አወጣና ፖስታውን ከውስጡ ሳብ አደረገ። ቤቱ ውስጥ ደረቅ የነበረው እሱ ብቻ ነው።

አዴ ደሚቱ ተቀብላ ገለባበጠችው። ማንበብ አትችልም። «ምን ይላል?»

«እንሂድ ይላል» አላት ታደሰ።

ከፍሙ ሥር ሰነቀረችውና «ኡፍ፣ ኡፍ» አለችበት። «ጥሩ ይነዳል» አለች።

በማግስቱ ከእሷ ሌላ አራት ሴቶች መጡ። አንጮቴ እንዴት እንደሚቀቀል ያን ሳምንት ተማርኩ። ሃያ ዓመት እዚሁ ከተማ፣ ያንኑ አጥር እያደስን ኖርን። ታደሰ በመጨረሻ ኦሮምኛውን ከእኔ አስበልጦ ቻለው፤ ፍየል ባየ ቁጥር ግን ሰላም ይላት ነበር፣ ሆን ብሎ።

ዘንድሮ የታደሰ የለቅሶ ድንኳን በፈረሰ ዕለት ወንድሜ ከጎጃም መጥቶ «ተነሽ፣ አገርሽ ግቢ፤ እዚህ አሁን ማን አለሽ?» አለኝ። ሳጥኔን ከአልጋው ሥር አወጣሁት። አስገባሁት፤ አወጣሁት። ልብስ ጨመርኩ፤ ቀነስኩ። ቤቱ ለቀስተኛ በሚያመጣው ምግብ ስለሰነበተ ምድጃዬ ቀዝቅዟል፤ እኔም ልብ አላልኩትም። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል በአጥሩ በኩል የእግር ድምፅ ሰማሁ። አዴ ደሚቱ ናት፤ አርጅታለች፤ ጉልበቷን እያመማት፣ በአንድ እጇ ምርኩዝ፣ በአንድ እጇ ገል ይዛ፣ ጭሱ ዓይኗን እያስለቀሳት።

«ክብሪት አለኝ፣ አዴ» አልኳት።

«አውቃለሁ» አለች፤ እንደዚያ የዝናብ ቀን አልፋኝ ገብታ ጉልቻው አጠገብ ለመንበርከክ ምርኩዟን ያዥልኝ አለችኝ።

ወንድሜ ማክሰኞ ብቻውን ተሳፈረ። እትዬ ስንዱ በሁለቱ ባዕድ አገሮች ማን እሳት ይዞላት መጥቶ እንደነበር፣ እሷስ ምን ብላ እንደመለሰች፣ በሕይወት ሳለች አልጠየቅኋትም። እግሬ ዛሬም አላረፈም፤ ይህን ስጽፍ እንኳ ሁለት ጊዜ ተነስቻለሁ። ሁለቱንም ጊዜ የሄድኩት ግን ምድጃው ድረስ ነው፤ አመዱን ገለጥ አድርጌ፣ ፍሙን አይቼ፣ መልሼ አለበስኩት።