ዝቋላ ዛፏ ላይ ተቀመጠ

ሥራዬ ቅየሳ ነው። አዳማ ውስጥ የማን ግቢ የት እንደሚጀምርና የት እንደሚያልቅ የምናገረው እኔ ነኝ። ሁለት ጎረቤታሞች በአጥር ተጣልተው ሽማግሌ ሲያቅተው፣ ባለ ሦስት እግሩን መሣሪያ ተክዬ ሰማይ ላይ ካሉት ሳተላይቶች ጋር አነጋግረዋለሁ፤ ከዚያ ችካሉን እቸክላለሁ። "እዚህ ነው" ካልኩ እዚህ ነው። ባለጉዳዮቹ እርስ በርስ ይኮራረፋሉ እንጂ እኔን አይከራከሩኝም። ትዕቢተኛ ናት የሚሉኝ አሉ። ነኝ። የማውቀውን ነገር አላውቅም ማለት ትሕትና ሆኖ አይታየኝም።

አባቴ ደግሞ ዓሣ አስጋሪ ናቸው። እኔ ሳልወለድ በፊት ከአርሲ መጥተው ቆቃ ሐይቅ ዳር ከሰፈሩ ወዲህ ከዚያ ውሃ ርቀው አያውቁም። አብሯቸው ለዓመታት የቀዘፈው ባልንጀራቸው፣ የሽንኩርት ድለላ ይሻለኛል ብሎ መቂ ሲገባ ጀልባዋ ላይ ብቻቸውን ቀሩ። ሌላ ሰው እስኪያገኙ ብዬ እኔ ገባሁ። ቅዳሜ ከሰዓት መረብ እንጥላለን፤ እቤታቸው አድሬ እሁድ በማለዳ እናነሳለን፤ ሰኞ ወደ ችካሌ እመለሳለሁ። እኔ ፊት ሆኜ እቀዝፋለሁ፣ እሳቸው ኋላ ተቀምጠው ይመራሉ።

የመጀመሪያው ቀን ጀልባ ማቆሚያው ላይ የነበሩት አስጋሪዎች ሴት መቅዘፊያ ይዛ ሲያዩ ጨዋታ አገኙ። ከሁሉም የባሱት ከአባቴ በዕድሜ የሚበልጡ፣ ጺማቸውን ሂና የሚቀቡ ሽማግሌ ነበሩ። መንግሥት ደግሞ ውሃውን ሊያስለካ ነው ወይ ብለው ጠየቁኝ። አዎ፣ የእርስዎ ጀልባ ካርታ ስለሌላት ልናፈርሳት ነው አልኳቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደዱኝ፤ መንከስ ግን አላቆሙም።

አባቴ የመረባቸውን ቦታ የሚያውቁት በሁለት ምልክት ነው። በአንድ በኩል የዝቋላ ተራራ ጫፍ ውሃው ዳር ካለችው ብቸኛ ግራር በላይ ይቀመጣል። በሌላ በኩል የመስኖ ፓምፑ ቤት ቆርቆሮ ከጀርባው ካለው ኮረብታ ስርጉድ ጋር ይገጥማል። ሁለቱ በአንድ ጊዜ የገጠሙበት ቦታ፣ መረቡ እዚያ ነው። ከዚያ ወደ ቀኝ ማለፍ አይቻልም፤ ግድቡ ሲሞላ የሰመጠ የግራር ጫካ አለና ጉቶው የገባበትን መረብ ሁሉ ይቦጫጭቀዋል። ተራራው ከዛፏ ወደ ቀኝ ከወጣ ጀልባዋ ወደ ጉቶዎቹ ሄዳለች ማለት ነው። ይህ እኔ ኮሌጅ ገብቼ በቀመር የተማርኩት ነገር ነው። ይህን ግን ለአባቴ አልነገርኳቸውም፤ እልህ ያዘኝ።

ምክንያቱም እኔ ስልኬ ላይ ቦታውን ምልክት አድርጌ ነበር። የመጀመሪያው እሁድ ማለዳ ጉም ስለነበረ ዝቋላም ዛፏም አይታዩም። ደስ አለኝ። ስልኬን እያየሁ ቀዝፌ፣ ቀዝፌ፣ ነጥቧ ላይ ስደርስ "እዚህ ነው" አልኩ፤ አጥር ላይ እንደምለው። መረብ የለም። ዙሪያውን እምቦጭ ብቻ። አባቴ በእርጋታ ሌሊት ነፋሱ ከየት ነበር ብለው ራሳቸውን ጠይቀው፣ ራሳቸው መለሱና ጀልባዋን ወደ ግድቡ በኩል አዞሩ። እምቦጩ ሌሊት ሲሄድ መረቡን ከነድንጋዩ ጎትቶት ነበር። ጥቂት ቀዝፈን አገኘነው። ስልክሽ የጣልንበትን በደንብ ያውቃል፣ የሄደበትን ግን አልነገሩትም አሉኝ። ተናደድኩ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንደሚባለው፣ በሚቀጥለውም ሳምንት ቦታውን ስልኬ ላይ ምልክት አደረግኩ።

ከዚያ በኋላ ነው መጠየቅ የጀመሩት። በቀዘፍን ቁጥር "ዝቋላ የት ተቀመጠ?" ይሉኛል። ከዛፏ ትንሽ ግራ እላለሁ። "አሁንስ?" ይላሉ። አሁን ዛፏ ላይ። "ፓምፑስ?" ገና። እንደ አስተማሪ እየፈተኑኝ መሰለኝ፤ ለስልኬ መልስ መስጠታቸው ነው ብዬ ጥርሴን ነክሼ መለስኩ። ሳምንት በሳምንት ላይ ሲደራረብ ግን ጎበዝ ሆንኩ። ስልኬን ኪሴ ውስጥ ትቼ ቦታውን ማግኘት ቻልኩ። ቢሮ ውስጥም ጉራዬን ነዛሁ።

እዚያ ውሃ ዳር አንድ ልማድ አለ፤ ምልክቱን የማያይ ሰው ኋላ አይቀመጥም። ዓይኑ የደከመ አስጋሪ ከጀልባ ይወርድና ዛፍ ሥር ቁጭ ብሎ የሌሎችን መረብ ይጠግናል። ማንም አያባርረውም፤ ራሱ ያውቀዋል። አባቴ ይህን ሲያወሩ ስለሞተ ሰው እንደሚያወሩ ነበር።

መስከረም ላይ፣ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ዝናቡ አባርቶ ሰማዩ ጥርት አለ። የዝቋላ ሸንተረር አንድ በአንድ ይቆጠራል። የመጣነው ከጉቶዎቹ በኩል ስለነበረ ተራራው ከዛፏ ብዙ ወደ ቀኝ ወጥቶ ነበር፤ ቦታችን ገና ነው። አባቴ እንደ ልማዳቸው ጠየቁ። ተንኮል አማረኝ። ሁልጊዜ ፈታኝ እሳቸው፣ ተፈታኝ እኔ፤ እስቲ ዛሬ እኔ ልፈትናቸው አልኩ።

"ዛፏ ላይ ተቀምጧል" አልኳቸው። ፓምፑም ገጥሟል ብዬ ጨመርኩበት።

ዓይንሽን ምን ነካው እንዲሉኝ ሳቄን አፍኜ ዘወር አልኩ። አባቴ ቀና ብለው ወደ ተራራው አዩ። "ጎሽ" አሉና የመረቡን ድንጋይ አንስተው ውሃው ውስጥ ለቀቁት።

ሳቄን ረሳሁት። ያን ቀን ያንን ተራራ ያላየ ሰው፣ ሩቅ ያለ ምንም ነገር አያይም። መረብ ሲጠግኑ ሳያቸው አልጠረጠርኩም፤ መረብ በጣት ነው የሚጠገነው። ጀልባዋን ሲያስጠጉም አልጠረጠርኩም፤ ማቆሚያውን በድምፅ ያውቁታል። ያ ሁሉ ጥያቄ ፈተና አልነበረም፤ በእኔ ዓይን ነበር የሚመሩት። "አባባ፣ ይቆዩ" ለማለት አፌን ከፈትኩ። ግን ይህን ካልኩ ሌላውንም፣ አለማየታቸውን፣ ማለት ሊኖርብኝ ነው። አባቴ መረቡን በዝግታ እየዘረጉ ነበር፤ እኔም መቅዘፌን ቀጠልኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን የፈራሁበት ጊዜ የለም።

እሁድ ማለዳ መረቡ ጉቶ ይዞት አገኘነው። ጎተትን፣ አላላን፣ ጎተትን። ክረምቱን ሙሉ የጠገኑት መረብ ግማሹ እዚያው ቀረ፤ የወጣው ሁለት አምባዛና ብዙ ቀዳዳ ይዞ ወጣ። አባቴ የተረፈውን ጠቅልለው ጀልባዋን አዞሩ።

ማቆሚያው ላይ ስንደርስ የተቀደደውን መረብ ያላየ ሰው አልነበረም። ባለ ሂናው ሽማግሌ ቀድመው መጡ። አባትሽ ጉቶውንም መርሳት ጀመሩ እንዴ፣ ከእንግዲህ ዛፉ ሥር ቦታ እናዘጋጅላቸው አሉ። ሰዎቹ ሳቁ። አባቴ መሬት መሬት እያዩ ገመድ ይጠቀልላሉ። በእኔ ውሸት የሚሳቅባቸው እሳቸው ሆኑ። እውነቱን ብናገር ደግሞ ዓይናቸውን በአደባባይ መሸጤ ነው።

"እሳቸው አይደሉም" አልኩ፤ "ስልኬ ነው። እዚህ ካልሆነ ብዬ የተጨቃጨቅኩት እኔ ነኝ።"

ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋሉ! ሳተላይቷ፣ ችካሏ፣ ኮሌጇ፣ አንድም የቀረ የለም። አዳማ ውስጥ ያለው አጥር ሁሉ እንደገና ይለካ ያለም ነበር። የቀያሽነት ስሜን ለማንም አሳልፌ ሰጥቼ አላውቅም፤ ያን ጠዋት ሰጠሁት።

አባቴ ገመዱን አስቀመጡ።

"ስልኩ ምንም አላጠፋም" አሉ፤ ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። "እኔ ዝቋላን ካየሁት ቆየሁ። የምታይልኝ እሷ ናት።"

ሳቁ ቆመ። አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ሌላው ጀልባውን ማሰር ጀመረ። ባለ ሂናው ሽማግሌ ጺማቸውን ዳበሱ። ከዚያ ወደ አባቴ ጠጋ ብለው፣ ሁላችንም እየሰማን፣ "እኔማ ሁለት ዓመት አልፎኛል" አሉ፤ "አማቼ ነው የሚነግረኝ።" ፊት የሚቀዝፍላቸው አማቻቸው አጠገባቸው ቆሞ እግሩን ያይ ነበር። ከዚያ በኋላ የመጣው ሳቅ ሌላ ሳቅ ነው። ሁለቱ ሽማግሌዎችም ሳቁ።

ወደ ቤት ስንሄድ እኔና አባቴ ብቻ ነበርን። ከዚህ በላይ ልሸከመው አልቻልኩም።

"አባባ፣ ትናንት ዋሽቼዎታለሁ። ተራራው ዛፏ ላይ አልነበረም።"

"አውቃለሁ" አሉኝ። "ገመዱ ቶሎ ቆመ። ቦታችን ሰባት ክንድ ነው፤ አምስት ላይ ድንጋዩ መሬት ነካ።"

ታዲያ ለምን አላነሱትም ስላቸው፣ "ለምን ብዬ ብጠይቅሽ፣ አንቺ ደግሞ ለምን አላዩትም ትዪኛለሽ" አሉ። እዚያው መንገድ ላይ ቆሜ አለቀስኩ፤ እኔ ትዕቢተኛዋ። አባቴ እስክጨርስ ጠበቁኝ። ልጄ ሲሉኝ በኦሮምኛ ነው። "ኢንተላ ኮ፣ ሁለተኛ ተራራ እንዳታንቀሳቅሺብኝ" አሉኝና መንገዳቸውን ቀጠሉ።

ሰኞ ከቢሮ ፈቃድ ወስጄ ሁለቱንም ሽማግሌዎች አዳማ ዓይን ሐኪም ቤት አመጣኋቸው። ባለ ሂናው እንደማይመጡ ምለው ነበር፤ ጠዋት ግን ከአባቴ ቀድመው ታክሲ ውስጥ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ተቀብላ ያየቻቸው ነርስ ሞራ ነው፣ ይገፈፋል አለችና ተራ ሰጠችን። አግዳሚው ላይ ተደርድረን ተቀመጥን። አባቴ ግድግዳው ላይ ቁጥር የሚወጣበትን ሰሌዳ ቀና ብለው አዩና ስንት እንደደረሰ ጠየቁኝ። የእኛ ሃያ ስድስት ነበር።

"አሥራ አራት" አልኳቸው።

በግራቸው ጋዜጣ የሚያነብ ሰው ተቀምጦ ነበር፤ ዓይኑ ደህና ይመስላል። አባቴ እሱን አልጠየቁትም። ነጠላቸውን አመቻችተው እስከ ሃያ ስድስት ሊጠብቁ ወደ ኋላ ተደገፉ።