የልብስ ሰፊዋ ውሃ

ቧንቧው ከደረቀ ሰንብቷል። ጎረቤቴ ልብስ ሰፊዋ ለአንድ የደከመው ተሸካሚ ከደጃፏ ውሃ በኩባያ ስትሰጠው አየሁ። ገና ወደ አፉ ሲያስጠጋው ባለሱቁ ከማዶ ጮኸ።

"ኧረ ተው ወንድሜ! ባሏንም ያጠጣችው እሷ ናት!"

ተሸካሚው ውሃውን ደፍቶ ሄደ። ባለሱቁ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

ባለፈው ውሃ ሲጠፋ የወንዙን ውሃ በጨርቅ አጥልላ፣ እስኪንተከተክ አፍልታ ነበር። ስህተቷ ከዚያ በኋላ ነው፤ የፈላውን ውሃ ከወንዝ በቀዳችበት ጀሪካን ውስጥ፣ ሳታጥበው፣ መልሳ ገለበጠችው። ባሏ ከዚያ ጠጥቶ በተቅማጥ ሞተ። ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ "አጠጪ" ይላታል።

አሁን የምትቀዳበት ጀሪካን ሌላ፣ የፈላውን የምታስቀምጥበት ሌላ ነው። ማስቀመጫውን በፈላ ውሃ አለቅልቃ ትከድነዋለች። ሰፈርተኛው ግን ያልፈላ የወንዝ ውሃ እየጠጣ ይታመማል እንጂ የእሷን አይቀምስም።

እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልቧ አልደረቀም። ኩባያውን አጥባ እንደገና ሞላችውና ወደ እኔ ዘረጋችው።

"እትዬ፣" አለችኝ፣ "እባክሽ፣ ባለሱቁ እያየ ጠጪልኝ።"